እንየው

ጥር ላይ ነው የከፈልን፣ በርበሬው በተሸጠ ማግስት።
ቀበሌው ማኅተም መታባት፤ እኔም ደብተሯን በስስት
በፌስታል ጠቅልዬ ደርቤ ከሣጥኑ ግርጌ አኖርኳት።
እንየው ሳቀብኝ ያን ቀን፦
«ሳንታመም ብንከርም ከሰርን፣
ብንታመምም ከሰርን፤
እስቲ ይሄን ምን ንግድ ይሉታል?»
ባሌ ቀልድ ያውቃል፤ ቀልዱ ግን አንዳንዴ ዞሮ እሱኑ ይመታል።

ግንቦት ላይ፣ ጅጋ፣ የሰው ቤት ጣራ ሲያለብስ
መሰላሉ ከዳው።
ወደቀ በቀኝ አንጓው፣
ሚስማሮቹን በጥርሱ እንደነከሰ፤
ቃል ሳይወጣው፣ ሰው እስኪደርስ ታገሰ።

ወጌሻው ጋሽ አንሙት ዳብሰው «ወለምታ ነው፣ አጥንቱ አልተነካም» አሉ፤
ዋጋቸው አንዲት ዶሮ ናት፣ እሷንም ሲሻለው ነው የሚቀበሉ።
እኔ ግን ደብተር አለኝ፤ መንግሥት የሚያውቃት፣ ማኅተም ያላት።
«ሆስፒታል እንሂድ» አልኩ። ለዚህ ቀን አይደል የከፈልንላት?

ፍኖተ ሰላም። ሰልፍ። ከካርድ ክፍል ወደ ተረኛ፣
ከተረኛው ወደ መድን መስኮት፣ ከመስኮቱ ወደ ሦስተኛ
በር።
ሐኪሟ «ራጅ» ብላ ጻፈች፤ በደብተሯ ሳንቲም የማይጠየቅበት።
በሩ ላይ ግን ወረቀት አለ፤
«ማሽኑ ብልሽት ላይ ነው»፣ ከሥሩ ፊርማ ያለበት።

ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ብቅ አለ፤ ከዝርዝሩ ስም ጠራ፦
«እንየው!»
«ምኑን?» አለ ባሌ፣ «ማሽኑ የታለና እንየው?»
ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁም ሳቀ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፤
«ከመንገዱ ማዶ ክሊኒክ አለ» አለን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ከመንገዱ ማዶ ወንበሩ ይለሰልሳል። ሰልፍ የሚባል የለም።
ዘጠኝ መቶ ብር።
ደብተሯን ብዘረጋላት ገንዘብ ተቀባይዋ በአንድ ጣቷ መለሰች፤
«እትዬ፣ ይቺ ከአስፋልቱ ወዲህ አትሠራም» አለች።

ዞሬ አየሁት አስፋልቱን፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም ስፋቱ።
አህያ ይሻገረዋል፣ ባጃጅ ይሻገረዋል፤
የኔ ማኅተም ብቻ ጠፋው ብልሃቱ።

የጣራው የእጅ ዋጋ ሺህ ሁለት መቶ ነበር፣ ሦስት ቀን የለፋበት።
ሦስት መቶ ተረፈን፤ እሱም ትራንስፖርት አለበት።

«እጅዎን እዚህ ያሳርፉ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ፤
ቀና ብል የጠዋቱ ልጅ ነው፣ ጋውኑን እንኳ ሳይለውጥ።
አፈረ። እኔም አፈርኩለት፤ መሬት መሬቱን አየሁ።
«አንዲት ዕቃ ትገዛ ብዬ» አለ፣ «ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ።
እዚያ እጅ ብቻ ነው ያለኝ፤ ማሽን ያገኘሁት እዚህ ነው።»
ምን ልመልስለት?
እሱንስ ቢሆን ራጅ የሚያነሳው ማን ነው?

ፊልሙን ይዘን ተመለስን፤ ንባቡንማ ደብተሯ ትችላለች።
ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋች፣
አየች፣ ገለበጠች፣ አየች፤
«እሰይ! ስብራት የለም። ወለምታ ነው» አለች።

የጋሽ አንሙት ቃል ነው፣ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።
እንየው ሊስቅ ሲል አንጓውን አመመውና ተወው።
«ዶሮዋም እኮ አልቀረችልን» አለኝ፣ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ።

ተናድጄ ነበር? እንጃ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ ወሰደኝ፤
«ተሰብሮ ቢሆንስ» የሚል ሐሳብ ነበር ሲያባንነኝ የሰነበተኝ።

የመስኮታችን መስታወት ከወደቀ ከርሟል፤ ፊልሙን ሚስማር መታሁበት።
ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የባሌ እጅ መደቡ ላይ ያርፋል፣
ጥቁሩ ጥላ፣ አጥንቱ ብርሃን፣
ትንሿ ውዴነሽ በጣቷ እየነካች ቁጥር የምትማርበት።
እንግዳ «ምንድን ነው?» ሲለኝ
«ዘጠኝ መቶ ብር» እላለሁ፣ ሌላ ስም አላገኘሁለት።

ይኸው ጥር ደረሰ። የዘንድሮውም በርበሬ ተሸጧል።
ደብተሯን ላሳድስ ነጠላዬን ስደርብ፣
እንየው ከደጅ ሆኖ
«ለመሻገሪያውም ጨምረሽ ክፈይላት» ይላል።